ሟቹ «ያገባ» ነው ወይስ «ያላገባ»? የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ በአሜሪካ እንዴት የዜግነት መብት ሆነ

ጋብቻ ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ የሚመጣልን ሠርጉ ነው፤ ቬሎው፣ ሚዜው፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ። ሕግ ግን ጭፈራውን አያየውም። ሕግ የሚያውቀው ወረቀቱን ነው። ይህን የኛ አገር ወጣት ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል፦ ዲቪ የደረሰው ልጅ ሕጋዊ ሚስት ካለችው ይዟት ይሄዳል፣ የአምስት ዓመት ፍቅረኛ ብቻ ከሆነች ግን ኤርፖርት ድረስ ሸኝታው ትመለሳለች። ፍቅሩ ያው ነው፤ ልዩነቱ ማኅተም ያረፈባት አንዲት ወረቀት ናት።

ዛሬ የምናየውም የዚችን ወረቀት ጉዳይ ነው። የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ በመላው አሜሪካ ሕጋዊ የሆነው ጁን 26 ቀን 2015 ነው። በኛ ሰፈር ነገሩ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ወይ ስለ ሃይማኖት ወይ ስለ «ፈረንጅ ባህል» ሆኖ ያልቃል። ፍርድ ቤት የቆሙት ሰዎች በትክክል ምን ጠየቁ? ዳኞቹስ በምን ምክንያት ፈረዱላቸው? ይሄ ብዙም አይነሳም። እኛ ክርክሩን ጠንካራ ሆኖ አግኝተነዋል፤ ለምን እንደዚያ እንደምንል እያየን እንሄዳለን። (ዓ.ም. ካላልን በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማዘጋጃ ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። አንደኛው የሃይማኖት ጋብቻ ነው፦ ተክሊል፣ ቁርባን፣ ኒካህ። ሌላው መንግሥት መዝግቦ የሚያውቀው፣ ሲቪል የሚባለው ጋብቻ ነው። ልዩነቱ እኛም አገር አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ሰው በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖቱ ወይም በባህሉ ሥርዓት ማግባት ይችላል ይላል። ለሕጋዊ ፍቺ ግን የሚሄደው ፍርድ ቤት ነው። ቤተ ክርስቲያን ፍቺውን ላትቀበለው፣ ደግማም በተክሊል ላታጋባው ትችላለች። ፍርድ ቤቱ በዚህ የተነሳ «አላፋታም» አይልም፤ ቤተ ክርስቲያኗም ፍርድ ቤት ስላፋታ ብላ ቀኖናዋን አትለውጥም። ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ በዚህ ግራ የተጋባ ሰውም አላየንም።

አሜሪካም እንዲሁ ነው። ቄስም ይሁን ኢማም ማጋባት ይችላል፤ የጋብቻ ፈቃዱ የሚወጣው ግን ከመንግሥት ቢሮ ነው። ወረቀቱ ከተያዘ በኋላ የሚከተለው ብዛት ነው የሚገርመው። በ2004 የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ሲቆጥር፣ ከጋብቻ ጋር የተያያዘ መብት ወይም ጥቅም የሚነካ 1,138 የፌዴራል ሕግ ድንጋጌ አግኝቷል። የውርስ ግብር፣ የሟች ባል ወይም ሚስት ጡረታ፣ የወታደር ቤተሰብ ጥቅም፣ ለውጭ አገር የትዳር አጋር ግሪን ካርድ ማስጨረስ። የየግዛቱ ሕግ ሲጨመርበት ደግሞ ታካሚው ራሱን ሲስት ማን ይወስንለታል፣ ልጁ በሕግ የማን ነው፣ አስከሬኑን ማን ይረከባል የሚለውም ይመጣል።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ መንግሥት ይህን ሁሉ ጥቅል ለአንዱ ጥንድ ሰጥቶ ለሌላው የሚከለክለው በምን ምክንያት ነው? ግብሩን ሲሰበስብ እንደሆነ አይለይም።

363,053 ዶላር

ኤዲት ዊንዘር የኒው ዮርክ ነዋሪ ነበሩ፤ በአይቢኤም የኮምፒውተር ፕሮግራመር የነበሩ። ከቲያ ስፓየር ጋር ከ40 ዓመት በላይ አብረው ኖረዋል። የተጫጩት በ1967 ነው። ቲያ መልቲፕል ስክሌሮሲስ የሚባል፣ ሰውነትን ቀስ በቀስ ሽባ የሚያደርግ በሽታ ያዛቸው፤ ኤዲትም ለዓመታት አስታመሟቸው። ጊዜ እያለቀ መሆኑ ሲታወቅ በ2007 ወደ ካናዳ፣ ቶሮንቶ ሄደው ተጋቡ። ቲያ በ2009 አረፉ፣ ያላቸውን ሁሉ ለኤዲት ተናዘው።

ከዚያ የግብር መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣ፦ 363,053 ዶላር የፌዴራል የውርስ ግብር። በአሜሪካ ሕግ ከባል ለሚስት፣ ከሚስት ለባል የሚተላለፍ ውርስ ግብር የለበትም። «ቲያ» ወንድ ቢሆኑ ኖሮ ሒሳቡ ዜሮ ነበር። ኒው ዮርክ ጋብቻቸውን ታውቀው ነበር፤ የፌዴራል መንግሥቱ ግን አያውቀውም፣ ምክንያቱም በ1996 የወጣ «የጋብቻ መከላከያ ሕግ» የሚባል ነገር ለፌዴራል ጉዳይ ጋብቻ ማለት የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ብቻ ነው ብሎ ደንግጓል። ይህን ሕግ የተወካዮች ምክር ቤቱ በ342 ለ67፣ ሴኔቱ በ85 ለ14 አሳልፎት፣ የፈረሙት ቢል ክሊንተን ናቸው። (ያኔ ከሁለቱም ፓርቲ አብዛኛው ፖለቲከኛ እዚያው ነበር የቆመው። ዛሬ የአንድ ፓርቲ አጀንዳ ይመስለናል እንጂ።)

የ81 ዓመቷ ሴት ከሰሱ። ጁን 26 ቀን 2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ፈረደላቸው፤ ግዛት ያጋባቸውን ሰዎች የፌዴራል መንግሥት እንዳልተጋቡ ሊቆጥር አይችልም ተባለ። በዚያ ውሳኔ የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤትም አሠራሩን ቀየረና፣ የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች የግሪን ካርድ ማመልከቻ እንደማንኛውም ጥንድ መታየት ጀመረ።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ

ዜናው በወጣበት ቀን በኦሃዮ ግዛት፣ ሲንሲናቲ ከተማ ሁለት ሰዎች ቴሌቪዥን ያያሉ። ጆን አርተር አልጋ ላይ ነው፤ ኤኤልኤስ የሚባለው ጡንቻን የሚያመነምን በሽታ ይዞት ከዚህ በኋላ ብዙም ዕድሜ የለውም። ጂም ኦበርጌፌል ያስታምመዋል። አብረው ከኖሩ 20 ዓመት አልፏል። ጂም ጎንበስ ብሎ «እንጋባ?» አለው።

ኦሃዮ ግን አታጋባም። በ2004 በሕዝብ ድምፅ ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ክልከላ አስገብታለች። በሜሪላንድ ግዛት ይቻላል፤ በሽተኛው ግን በመኪና ያን ያህል መንገድ አይችልም። ወዳጅ ዘመድ ገንዘብ አዋጥቶ ከ12 ሺህ ዶላር በላይ የሚያስወጣ የሕክምና አውሮፕላን ተከራዩ። ጁላይ 11 ቀን 2013 ባልቲሞር አጠገብ ያለው ኤርፖርት አረፉ፣ ከአውሮፕላኑ ሳይወርዱ እዚያው ቆሞ እያለ የጆን አክስት አጋቧቸው፣ ተመልሰው በረሩ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ቆንጆ የፍቅር ቪዲዮ ይሆን ነበር። ጥቂት ቀን ቆይቶ ግን አል ገርሃርድስታይን የሚባል የሰብዓዊ መብት ጠበቃ የሞት ምስክር ወረቀት ቅጽ አሳያቸው። ጆን ሲሞት ኦሃዮ ቅጹ ላይ «ያላገባ» ብላ ትጽፋለች። በሕይወት ያለ የትዳር አጋር የሚለው ቦታ ላይ የጂም ስም አይገባም። ሌላም ነገር ነበር፦ የጆን ቤተሰብ የመቃብር ቦታ ደንብ የዘር ተወላጆችንና የትዳር አጋሮቻቸውን ብቻ ነው የሚያስቀብረው። በወረቀት «ያላገባ» ከተባለ ጂም አንድ ቀን ከጎኑ መቀበር አይችልም። እድር የሚያውቅ አንባቢ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ሳንነግረው ይገባዋል።

የፌዴራል ዳኛው ቲሞቲ ብላክ በዚያው ወር ጊዜያዊ እግድ ሲሰጡ የጠቀሱት ነጥብ ለኛ ከሁሉም ይበልጥብናል። ኦሃዮ የአጎት ልጆችን በራሷ አታጋባም። በሌላ ግዛት በሕግ ተጋብተው ከመጡ ግን ጋብቻቸውን ተቀብላ ትኖራለች። ዕድሜያቸው በኦሃዮ ሕግ ያልደረሰ፣ በሌላ ግዛት የተጋቡም እንዲሁ። «ሌላ ቦታ የተጋባ እዚህም ያገባ ነው» የሚለው የቆየ ደንብ ለሁሉም ሲሠራ ኖሮ፣ ለእነዚህ ሰዎች ብቻ ሲሆን ይቆማል። ለምን? ግዛቱ አጥጋቢ መልስ አልነበረውም።

ጆን ኦክቶበር 22 ቀን 2013 ሞተ። በእግዱ መሠረት ምስክር ወረቀቱ ላይ «ያገባ» ተብሎ ተጻፈ። ግዛቱ ይግባኝ አለ፣ በኖቬምበር 2014 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የዳኛውን ውሳኔ ሻረው። ማለትም ወረቀቱ ተመልሶ ሊስተካከል ነው፤ የሞተ ሰው ከሞተ በኋላ «ሊፋታ» ነው። ጂም ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ከኬንታኪ፣ ከሚሺጋንና ከቴነሲ የመጡ ከሳሾችም ተቀላቀሉ።

ከእነዚያ ውስጥ የሚሺጋኖቹን ሁለት ነርሶች ማንሳት አለብን። ልዩ እንክብካቤ የሚፈልጉ ሕፃናትን ተቀብለው ያሳድጉ ነበር። የሚሺጋን ሕግ ጉዲፈቻ የሚፈቅደው ለተጋቡ ጥንዶች ወይም ለአንድ ላጤ ሰው ነው። ስለዚህ አንዷ አንዱን ልጅ፣ ሌላዋ ሌላውን በየራሷ ወሰዱ። ልጆቹ አንድ ቤት ያድጋሉ፣ አንድ ገበታ ይበላሉ፤ በሕግ ግን ለእያንዳንዳቸው አንዲት እናት ብቻ ናት ያለቻቸው። እሷ ብትሞት ሌላዋ ለልጁ ባዳ ናት። «ለልጆች ሲባል ይከልከል» የሚለው ክርክር እዚህ ቤት ሲደርስ ይገለበጣል። ክልከላው ልጆቹን አላዳነም፣ ዋስትናቸውን ነው የወሰደባቸው።

1868 እና 1967

ዳኞቹ የተመሠረቱት በ14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ላይ ነው። የባርነት ጦርነት ካለቀ በኋላ በ1868 የጸደቀ ሲሆን፣ ማንም ግዛት ያለ ሕግ አግባብ ሰውን ነፃነቱን እንዳይነሳ፣ የሕግንም እኩል ጥበቃ እንዳይከለክል ያዛል። ጋብቻ የሚል ቃል የለበትም። ታዲያ እንዴት ሆነ?

መልሱ ለኛ አንባቢ ቅርብ የሆነ ታሪክ ነው። በ1958 ሪቻርድ ሎቪንግ የተባለ ነጭና ሚልድሬድ የተባለች ጥቁር በዋሽንግተን ዲሲ ተጋብተው ወደ ቨርጂኒያ ተመለሱ። ፖሊስ ሌሊት መኝታ ቤታቸው ገብቶ ያዛቸው። አንድ ዓመት እስር ተፈረደባቸውና፣ ለ25 ዓመት አብረው ወደ ግዛቱ እንዳይመጡ በሚል እስሩ ታገደ። ዳኛው ምክንያት ብሎ የጻፈው እግዚአብሔር ዘሮችን በተለያየ አህጉር ያስቀመጠው እንዳይደባለቁ ብሎ ነው የሚል ነበር። ሃይማኖት፣ ተፈጥሮ፣ ባህል፦ ያኔም የተባለው ይኸው ነበር። ጁን 12 ቀን 1967 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ አንድ ተቃውሞ ክልከላውን ሻረ፣ የሚያገቡትን ሰው መምረጥ የግለሰብ ነፃነት ነው አለ። ዛሬ በቨርጂኒያ ከሌላ ዘር ሰው ጋር ትዳር መሥርቶ የሚኖር ሐበሻ በዚህ ውሳኔ ነው የሚኖረው፣ ያውቀው አያውቀው ሌላ ነገር ነው።

የ2015ቱ ውሳኔ ያንን ነው የቀጠለው። ዳኛ አንተኒ ኬኔዲ የጻፉት የአብላጫው ውሳኔ፣ ጋብቻ የግል ምርጫ ነው፣ የሁለት ሰው ቃል ኪዳን ነው፣ ለልጆች ከለላ ነው፣ መንግሥትም ብዙ ነገር በላዩ የገነባበት ተቋም ነው አለ። ከዚህ ሁሉ አንዱም ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች ሲሆን የሚጠፋ አይደለም። ድምፁ 5 ለ4 ነበር።

ከተቃዋሚዎቹ ክርክር ከበድ ያለው የዳኛ ጆን ሮበርትስ ነው ብለን እናስባለን። ሮበርትስ ያሉት ጉዳዩ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ሳይሆን «ይህን መወሰን ያለበት ሕዝቡ ነው ወይስ አምስት ዳኞች?» ነው። የዋዛ ጥያቄ አይደለም፤ ከ2004 ጀምሮ ብዙ ግዛቶች በሕዝብ ድምፅ ከልክለው ነበር፣ ሜሪላንድ ደግሞ በ2012 በሕዝብ ድምፅ ፈቅዳለች። ግን በዚህ ሒሳብ ሎቪንጎችስ? ጋለፕ በ1968፣ ማለትም ከውሳኔው ከአንድ ዓመት በኋላ ሲጠይቅ የጥቁርና የነጭ ጋብቻን የደገፈው 20 በመቶ ብቻ ነበር። ሕዝቡ እስኪስማማ ይጠበቅ ቢባል ሚልድሬድና ሪቻርድ ዕድሜያቸው ያልቅ ነበር። መብት የሚያስፈልገው በምርጫ ለማያሸንፍ ሰው ነው፤ ለብዙኃኑማ ድምፁ ይበቃዋል።

«ለምን ስሙን ቀይረው ሌላ ውል አይፈራረሙም?» የሚልም አለ። ተሞክሯል። ቬርሞንት በ2000 «ሲቪል ዩኒየን» የሚባል አምጥታ ነበር፤ የግዛቱን ጥቅም ሰጠ፣ የፌዴራሉን ግን አልሰጠም፣ ድንበር ሲሻገሩም ብዙ ቦታ የሚያውቀው አልነበረም። አባት ማጋባት ካልፈለገ ደግሞ ውሳኔው አያስገድደውም። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም እንደ ቀድሞው በራሳቸው ሥርዓት ነው የሚሄዱት።

የመንግሥት ሠራተኛ ግን ሌላ ነው። በኬንታኪ፣ ኪም ዴቪስ የተባለች የካውንቲ ኃላፊ በእምነቷ ምክንያት ፈቃድ አልሰጥም ብላ በሴፕቴምበር 2015 ለጥቂት ቀናት ታሰረች። እምነቷ የራሷ ነው፤ መስኮቱ ግን የመንግሥት ነው፣ ደመወዟም ከሁሉም ግብር ከፋይ የመጣ። መታሰሯን ከልባችን አልወደድነውም፣ የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ግን ትክክል ነበር።

«የፈረንጅ ነገር»?

ደቡብ አፍሪካ ከአሜሪካ ዘጠኝ ዓመት ቀድማለች። ከአፓርታይድ በኋላ በ1996 የጸደቀው ሕገ መንግሥቷ ሰውን በዘሩ፣ በፆታው፣ በሃይማኖቱ፣ በፆታዊ ዝንባሌውም ማግለል ከልክሏል። በ2005 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ ለፓርላማው አንድ ዓመት ሰጠ፣ በኖቬምበር 2006 ሕጉ ወጣ። ማን ከማን ጋር መተኛትና መጋባት እንዳለበት በቆዳ ቀለም ይወስን የነበረ መንግሥት ሥር የኖረ ሕዝብ ነገሩን ከየት ተነስቶ እንዳሰበው ግልጽ ነው።

እኛ አገር ያለው ሁኔታ ከጋብቻ ክርክር በጣም የራቀ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ወንጀል አድርጎ በእስራት ያስቀጣል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ፣ ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካው ወጣት ስለ ሠርግ ሳይሆን ስለ ደህንነቱ ነው የሚያስበው። በሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ደግሞ ሮክቪል ወዳለው የካውንቲው ፍርድ ቤት ሄዶ፣ እዚያው አጠገቡ በተክሊል ሊጋቡ ከመጡት ጥንዶች ጋር ተሰልፎ ፈቃዱን ያወጣል። ያው ቢሮ፣ ያው ቅጽ ነው፤ የነዚያ ተክሊል ምንም አልሆነም።

አሁን የት ደረሰ?

ጋለፕ በ1996 ሲጠይቅ ጋብቻው ሕጋዊ ይሁን ያለው አሜሪካዊ 27 በመቶ ነበር፣ በ2023 ደግሞ 71 በመቶ። ነገር ግን ያለቀለት አይደለም። በጁን 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፅንስ ማቋረጥ መብትን ሲሽር፣ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ የጋብቻው ውሳኔም እንደገና ይታይ ብለው ጻፉ። ኮንግረሱ ፈጠን ብሎ አንድ ሕግ አወጣና ጆ ባይደን ዲሴምበር 13 ቀን 2022 ፈረሙበት። ይህ ሕግ ግዛቶች ሌላ ግዛት ውስጥ የተፈጸመን የተመሳሳይ ፆታም ሆነ የተለያየ ዘር ጋብቻ እንዲቀበሉ ያስገድዳል። ራሳቸው ፈቃድ እንዲሰጡ ግን አያስገድድም። የ2015ቱ ውሳኔ ቢሻር ነገሩ ወደ ኤርፖርቱ ዘመን ይመለሳል ማለት ነው፤ ሌላ ግዛት ሄዶ ተጋብቶ መምጣት። ኪም ዴቪስ ውሳኔው እንዲሻር ያቀረበችውን አቤቱታ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2025 ሳይቀበለው ቀርቷል።

ኦሃዮም በ2004 ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ያስገባችውን ክልከላ ይህን እስከጻፍንበት ጊዜ አልሰረዘችውም። አይሠራም፣ ግን እዚያው ተጽፎ ተቀምጧል።